ዳንቴል የለበሰው ኃላፊ

ሥራ ያለ ኃላፊ እንደማይሠራ፣ ኃላፊ ግን ያለ ሥራ በሙሉ ጤና ሊኖር እንደሚችል በተግባር ያስመሰከረ አንድ ማእከል በጎንደር ከተማ አለ። ስሙን መጥራት ትሕትናውን መዳፈር ስለሚሆን ይቅር። ከፒያሳ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከጣሊያን ዘመን በቀረ ባለ ቅስት ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ ስብሰባው ከኮሪደሩም ይረዝማል።

የማእከሉ ዓላማ በመግቢያው በትልቅ ሰሌዳ ተጽፏል፦ «የተፈጥሮ ክስተቶችን በላቀ የኮምፒውተር ስሌት አስቀድሞ በመተንበይ የማኅበረሰቡን ተጠቃሚነት ቀጣይነት ባለው መልኩ ማረጋገጥ።» ይህን ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ የጨረሰ ሠራተኛ እስካሁን ስላልተገኘ፣ ማእከሉ ለምን እንደተቋቋመ እስከ መጨረሻው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከራቢዓ በቀር።

የራቢዓ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲለካ የኖረ ነው። እሷ ግን ጎርፍ መለካት መረጠች። ኮምፒውተሮቹን የምታንቀሳቅስ፣ ሥራ የምትሰጣቸው፣ ሲታመሙም የምታስታምማቸው እሷ ብቻ ስለነበረች በማእከሉ መዋቅር ውስጥ ከሁሉ በታች ተቀምጣለች። በሕንፃ ሥራም ቢሆን መሠረት ከታች መሆኑን ዳይሬክተሩ አንድ ጊዜ በንግግራቸው ጠቅሰውላታል።

በዚያ ዓመት የድብ ባሕር ገበሬዎች ማኅበር ለማእከሉ አንድ ጥያቄ አቀረበ። የዘር መጋዘናቸው ጣሪያ ተበሳስቶ ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ዘሩ ማሳ ሳያይ ከነጆንያው በቅሎ አረፈ። አሁን አዲስ መጋዘን ሊሠሩ ድንጋዩንም ቆርቆሮውንም አዘጋጅተዋል፤ የሚሠሩበትን ቦታ ግን አልወሰኑም። ግማሾቹ ከመንገዱ በታች ያለውን ሜዳ ይላሉ፤ ለመኪና ይመቻል። ግማሾቹ ከወይራዎቹ አጠገብ ያለውን ጉብታ ይላሉ፤ ለእግር አይመችም። ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ በየዓመቱ መንገዱን ስለሚቀይር፣ የትኛው እንደሚተርፍ ማንም መሐላ አይገባም። ሰኔ ሳይገባ ግን ግድግዳው መቆም አለበት፤ ካልቆመ የሁለተኛ ዓመት ዘርም ከጆንያው ውስጥ ይበቅላል። ራቢዓም ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ለአያ ፋንታሁን፣ «ሚያዝያ ሳያልቅ እነግርዎታለሁ» ብላ ቃል ገባች። ልጅ ነበረችና መዋቅር የሚባል ነገር እንዳለ ረሳች።

ሥራው በኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በመደርደሪያ ላይ በተደረደሩ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ተጀመረ። በሁለተኛው ቀን የማእከሉ ዋና ዳይሬክተር አቶ ሰውአገኝ የክፍል ኃላፊዎቻቸውን አስከትለው ለጉብኝት መጡ። ራቢዓ በአክብሮት አስረዳች።

«ተራራው ለአንድ ኮምፒውተር ይከብደዋል፣ ክቡር ዳይሬክተር። ስለዚህ አንደኛው ተራራውን ቆራርሶ ለሌሎቹ ያድላል። እነሱ እያንዳንዳቸው በደረሳቸው ቁራሽ ላይ ዝናቡ ቢወርድ ውኃው እንዴት እንደሚሄድ ያሰላሉ። በየእርምጃውም ጎረቤታቸውን ‹ካንተ ወደ እኔ ምን ያህል ውኃ ተሻገረ› ብለው ይጠይቃሉ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ቶሎ ያልቃል።»

አቶ ሰውአገኝ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አሰቡ።

«ያ ቆራርሶ የሚያድለው፣ እሱ ራሱ ያሰላል?»

«አያሰላም።»

«ሌሎቹ ሲያሰሉ ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ይጠብቃል። ሲጨርሱ ሪፖርታቸውን ይሰበስባል።»

አቶ ሰውአገኝ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው እንዲህ ያለ ዘመድ አግኝተው አያውቁም ነበር።

«እና ይህን ኃላፊ» አሉ ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሮ፣ «ከሠራተኞች ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያቆማችሁት?»

በማግሥቱ ስሕተቱ ታረመ። ኮምፒውተሩ በሁለት ሰው ተይዞ በኮሪደሩ ሲያልፍ ሠራተኛው ከየቢሮው ብድግ እያለ አሳለፈው። ዘበኛውም ማን እንደሆነ ባያውቅም ለጥንቃቄ ሰላምታ ሰጠው። በአቶ ሰውአገኝ ቢሮ፣ ከጠረጴዛቸው ፊት ለፊት፣ ምንጣፍ ተነጥፎ ሌላ ጠረጴዛ ተዘጋጀለት። ባለቤታቸው ለቴሌቪዥን ብለው የሠሩትን ነጭ ዳንቴልም ለበሰ። ገመዱ ግን ከማሽን ክፍሉ መገናኘት ስላለበት በኮሪደሩ ሙሉ ተዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ኃላፊው በተጠጋ ቁጥር እግሩን ከፍ እያደረገ እንዲራመድ አስተማረ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳት አልነበረም። ኮምፒውተሩ ከምንጣፉ ላይ ሆኖም ተራራውን ይቆርሳል፤ ሌሎቹ ያሰላሉ። ጉዳቱ የመጣው ከፍትሕ ነው።

ኮምፒውተሮቹ ሲገዙ እያንዳንዱ በአንድ ክፍል ስም ተመዝግቦ ነበር። ኃላፊ የሆነው በዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት ስም የተመዘገበው ነው። የውኃ ክፍል ኃላፊው አቶ ባምላክ ይህን ባወቁ ዕለት ምሳቸውን አልበሉም።

«ክቡር ዳይሬክተር» አሉ በስብሰባው ላይ፣ «የኮምፒውተሩን ሹመት እደግፋለሁ። እኔን ያልገባኝ፣ ስለ ውኃ በሚደረግ ስሌት ላይ የውኃ ክፍል ኮምፒውተር ተራ ሠራተኛ ሆኖ ሲቀር ለውጭ ሰው ምን መልእክት እናስተላልፋለን የሚለው ነው።»

ነጥቡ ከባድ ነበር። ኮሚቴ ተዋቀረ። ኮሚቴው ጥልቅ ጥናት አድርጎ፣ የውኃ ክፍል ኮምፒውተር ምክትል ኃላፊ እንዲሆን ወሰነ። የዕቅድ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ የትነበርሽ ይህን ሲሰሙ ቅሬታ አላቀረቡም፤ ቅሬታ ማቅረብ ተራ ነገር ነው። ቤታቸው ሄደው ጣዎስ ያለበት ዳንቴል ሠርተው መጡና፣ «ይህ ዳንቴል ማዕረግ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሊቀመጥ አይችልም» አሉ። ዳንቴሉ በእርግጥም ውብ ነበር። የዕቅድ ክፍል ኮምፒውተር የአስተባባሪዎች አስተባባሪ ሆነ። የሚያስተባብራቸው አስተባባሪዎች እስካሁን ስላልነበሩ፣ የሳምንቱ ቀሪ ስብሰባዎች እነሱን ለመሾም ዋሉ።

ሹመት ያገኘ ኮምፒውተር ሁሉ ከጠባቧ ክፍል ወጥቶ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ገባ። ማሰላቱንም ተወ። ራቢዓ «ኃላፊ አያሰላም» የሚል መመሪያ ደርሷት ነበርና እያዘነች አስተካከለችው።

«ክቡር ዳይሬክተር» አለች አንድ ቀን በኮሪደር ላይ አግኝታቸው፣ «የሚያሰሉት እያነሱ ነው።»

«የሚመሩት ግን እየበዙ ነው» አሉ አቶ ሰውአገኝ በርኅራኄ። «ሥራ በደንብ ሲመራ ሠራተኛ አይፈልግም፣ ራቢዓ። ገና ልጅ ነሽ።»

በመጨረሻም የሆነው እንዲህ ነው። የድብ ባሕር ተራራ ከኃላፊው ተነሥቶ ወደ ምክትል ኃላፊው ይላካል። ምክትሉ ማሰላት ደረጃው ስላልሆነ ቆራርሶ ለአስተባባሪዎች አስተባባሪ ያስተላልፋል። እሱ ለአስተባባሪዎቹ፣ አስተባባሪዎቹ በመጨረሻ ለተሾመው አማካሪ፣ አማካሪው ደግሞ «ለሚመለከተው» ብሎ ወደ ኃላፊው ይመልሳል። ተራራው እንዲህ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር አንዲት ጠብታ ውኃ አልወረደበትም። ገመዱ ሁሉ ግን በመልእክት ተጨናነቀ፤ የኮምፒውተሮቹ መብራቶች ያለ ዕረፍት ብልጭ ድርግም ይሉ ጀመር። አቶ ሰውአገኝ በየቢሮው በር ቆመው መብራቶቹን እየተመለከቱ ደስ አላቸው። «እዩት» አሉ ለእንግዶች፣ «አንድም ሥራ የፈታ የለም።»

በጠባቧ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ብቻ ቀረ። በንብረት ክፍል ስም የተመዘገበው ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ወጥተው ቦታቸው ገና ስላልተሞላ፣ ስለ ኮምፒውተሩ ክብር የሚከራከር ሰው አልነበረውም። ራቢዓ ተራራውን በሙሉ ለእሱ ብቻ ሰጠችው። እሱም ያለ ማጉረምረም ያሰላ ጀመር። እንደ ፍጥነቱ ግን የሚጨርሰው አደይ አበባ ከፈነዳ በኋላ ነው።

ግንቦት ገባ። አያ ፋንታሁን ከድብ ባሕር መጡ። የተሳፈሩበት መኪና አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጎማው ተንፍሶ ስለነበር ሲደርሱ ረፍዷል። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ከራቢዓ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሚያዝያ ስንት ቀን ነው በእናንተ ቤት?»

«አያ ፋንታሁን፣ አፍሬ ነው ያልደወልኩልዎ።»

«ማኪናሽ አንድ ብቻ ሆነ። ሌሎቹን ሸጣችኋቸው?»

«ተሾሙ።»

አያ ፋንታሁን አንገታቸውን አዘንብለው ጠበቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ራቢዓ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምንጣፉን፣ ዳንቴሉን፣ ጣዎሱን። ሽማግሌው ሳይስቁ አዳመጡ፤ ሲጨርሱ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ።

«ይህስ የእኛ በሽታ ነው» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የደብራችን አጥር የፈረሰ ጊዜ ድንጋይ የሚሸከም ጠፋ። ሁሉም ሽማግሌ ሆነ። ጎረምሳው ሁሉ ወገቤን አለ። መሪጌታው ይህን አዩና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው፣ ‹ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ መሸከም ለሁሉ አልተፈቀደም፤ ስማቸው የሚጠራ አባወራዎች ብቻ ይሸከማሉ› አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተጣላን። እኔና አማቼ አንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ ተያያዝን፤ ‹የእኔ ነው›፣ ‹የእኔ ነው›። ሁለታችንም አነሣነው፤ ሁለታችንም ተሰበርን። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሊመጣ ሲል ወገቤ ይነግረኛል። ማኪናሽ ካልቻለ እሱን ላውስሽ።»

«አሁን ምን ይላል?»

«ቅርብ ነው ይላል» አሉ አያ ፋንታሁን። አሁን አልሳቁም። «ልጄ፣ ያ ዘር ደግሞ ከበቀለብን የምንዘራው ጆንያውን ነው።»

ራቢዓ ባዶውን መደርደሪያ እያየች ስለ ድንጋዩ ታስብ ነበር።

በማግሥቱ አንድ ሐሳብ ለዳይሬክተሩ አቀረበች። ማእከሉ ከተቋቋመ ጀምሮ እንዲህ ያለ ከፍ ያለ ሐሳብ ከታች ወደ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ያሉት ኃላፊ ኮምፒውተሮች ተበታትነው መቀመጣቸው ከክብራቸው ጋር የማይመጣጠን በመሆኑ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ያለው ክፍል ከዛሬ ጀምሮ «የኃላፊዎች ሸንጎ» ተብሎ እንዲጠራ፤ ማዕረግ የሌለው ኮምፒውተር በሸንጎው እንዳይቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ የሸንጎ አባል ከድብ ባሕር ተራራ አንድ ግዛት እንዲሰጠውና በግዛቱ የሚወርደውን ውኃ በበላይነት እንዲያስተዳድር፤ ከአዋሳኝ ግዛቶች ጋርም በየጊዜው እንዲመካከር። ማሰላት የሚል ቃል የትም አልነበረበትም።

አቶ ሰውአገኝ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ግዛት» አሉ ቀስ ብለው። «የእኛ የትኛው ነው?»

«አናቱ ነዋ፣ ክቡር ዳይሬክተር። ከእርስዎ በላይ ሰማይ ብቻ ነው።»

አናቱ ከግዛቶቹ ሁሉ ትንሹ ነበር፤ ከታች ለሚያይ ሰው ግን ይህ አይታወቅም።

ወሬው በኮሪደሩ ሲሰማ አቶ ባምላክ ዳንቴሉን እንኳ ሳያነሡለት ኮምፒውተራቸውን ራሳቸው ተሸክመው መጡ።

«ገደሉን ለማን ሰጠሽው?» አሉ እየተነፈሱ።

«ለእርስዎ። ውኃው ሁሉ የሚወርደው በዚያ ነው።»

«ዋናው ቦታ ማለት ነው?»

«ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድ ጠብታ አያልፍም።»

ወይዘሮ የትነበርሽ ከኋላቸው ደረሱ። «የእኔ በየትኛው ወገን ነው የሚቀመጠው?»

«በስተቀኝ ነው ወይዘሮ የትነበርሽ።»

«ከባምላክ በላይ ወይስ በታች?»

«ጎን ለጎን። ድንበርተኞች ናችሁ፤ ትመካከራላችሁ።»

«እሱ ከእኔ ጋር ተመካክሮ አያውቅም።»

«ኮምፒውተሩ ይመካከራል» አለች ራቢዓ።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ኮምፒውተሮቹ አሁን በእውነት ሊሠሩ ነውና ይሞቃሉ፤ ዳንቴሉ ካልተነሣ ይቃጠላሉ። ራቢዓ ትንሽ አሰበችና፣ በሸንጎ ፊት ራስን መሸፈን ነውር መሆኑን በትሕትና አስታወሰች። ጣዎሱ ሳይቀር በዝምታ ተነሣ።

ማዕረግ የሌለው የንብረት ክፍል ኮምፒውተር በሸንጎው መደርደሪያ መቀመጥ ስላልተፈቀደለት በጥግ መሬት ላይ ተቀመጠ። ራቢዓ ተላላኪ አደረገችው። ሥራው ተራራውን ቆራርሶ ለአሥራ አንዱ ማዳረስና፣ ሲጨርሱ መልሳቸውን መሰብሰብ ነው። ተላላኪነት ስለሆነ የተመኘው የለም።

ሸንጎው ሥራ ጀመረ። አንዱ ግዛት ሌላውን ይጠይቃል፤ ውኃው ከአናቱ ወደ ገደሉ፣ ከገደሉ ወደ ማሳው ይወርዳል። የክፍል ኃላፊዎቹ በመስኮቱ እየተጋፉ የየራሳቸውን ኮምፒውተር ይመለከቱ ነበር። የእነሱ ኮምፒውተር ከጎረቤቱ ቀድሞ ሲጨርስ ይኮራሉ፤ ሲዘገይ፣ «ግዛቱ ሰፊ ስለሆነ ነው» ይላሉ። በጠባቧ ክፍል እንዲህ ያለ ትጋት ታይቶ አይታወቅም።

አያ ፋንታሁን መልሱን ሊወስዱ በመጡበት ዕለት ስሌቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያው ሰዓት ግን አቶ ሰውአገኝ ሸንጎውን ሊጎበኙ ከኃላፊዎቻቸው ጋር ገቡ። ዳይሬክተሩ ከጎበኙት ነገር ውስጥ እንደነበረ የቀረ የለም።

አቶ ሰውአገኝ በመደርደሪያው ፊት ቀስ ብለው እያለፉ ለእያንዳንዱ የሸንጎ አባል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጥጉ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህ መሬት ላይ ያለው ምንድነው?»

«ተላላኪው ነው፣ ክቡር ዳይሬክተር።»

«እሱም ያሰላል?»

«አያሰላም። ሥራውን ተቀብሎ ለሌሎቹ ያድላል።»

«ሌሎቹ ሲሠሩስ?»

«ይጠብቃል። ሲጨርሱ ሪፖርታቸውን ይሰበስባል።»

የአቶ ሰውአገኝ ፊት ጠቆረ። ወደ ኃላፊዎቻቸው ዞሩና እንደ ሰሌዳው ያለ ንግግር ጀመሩ።

«ጓዶች፣ ይህ ማእከል ወደ ኋላ የሚቀረው በእነዚህ ምክንያት ነው። ራሱ አይሠራም፤ የሚሠሩትን ያዛል። ሌላው ሲደክም ተቀምጦ ሪፖርት ይጠብቃል። በመጨረሻም የሰውን ልፋት ሰብስቦ የራሱ አስመስሎ ያቀርባል። እንዲህ ያለውን ተሸክመን እስከ መቼ እንዘልቃለን?»

 አቶ ባምላክ ጫማቸውን አዩ። ወይዘሮ የትነበርሽ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ሁለቱም ማጨብጨብ ጀመሩና፣ ቀድሞ ማቆም ደግ ስላልመሰላቸው፣ ብዙ አጨበጨቡ።

«ይነቀል» አሉ አቶ ሰውአገኝ፤ እጃቸውንም ራሳቸው ወደ ሶኬቱ ሰደዱ።

አያ ፋንታሁን ራቢዓን አዩ። ራቢዓ ሶኬቱን አየች።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ የመንግሥት ንብረት ያለ ኮሚቴ አይወገድም።»

እጃቸው እሳት እንደነካ ተመለሰ። እውነት ነው፤ እንዴት ሊዘነጉት ቻሉ? ኮሚቴው እዚያው በቆሙበት መዋቀር ጀመረ። ሰብሳቢው ማን ይሁን በሚለው ላይ አቶ ባምላክና ወይዘሮ የትነበርሽ ተቃራኒ አቋም ያዙ። ጸሐፊው ድምፅ ይኖረዋል ወይስ አይኖረውም በሚለው ላይ ሁለቱም አቋማቸውን ተለዋወጡ። ክርክሩ ከአባላቱ ቃለ መሐላ ሲደርስ፣ ተላላኪው ከአሥራ አንዱ ግዛቶች የመጨረሻውን መልስ ሰበሰበ። በራቢዓ ስክሪን ላይ ተራራው ወጣ፤ ውኃውም በሰማያዊ ቀለም ወርዶ ከመንገዱ በታች ያለውን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ወይራዎቹ አጠገብ ያለው ጉብታ ደረቅ ነበር።

«አያ ፋንታሁን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከወይራው ነው።»

ሽማግሌው ስክሪኑን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ሸጋ ነው» አሉ። «ነገ ድንጋይ እንሸከማለን። እኔ አልሸከምም፤ ስሜ የሚጠራ ስለሆንኩ አዛለሁ።»

ዱላቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ አቶ ሰውአገኝ ከክርክሩ ቀና አሉ። «ለመሆኑ ኮሚቴው ውሳኔ እስኪሰጥ ይህ ሥራ ፈት የት ይቀመጣል? ሸንጎው ውስጥ አይሆንም። ምንም የማይሠራበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል።»

ሁሉም አሰቡ። መልሱን የሚያውቁት ሁሉም ነበሩ፤ የሚናገር ግን አልነበረም።

«ጌታው» አሉ አያ ፋንታሁን ከበሩ ላይ ሆነው፣ በሙሉ ቅንነት፣ «እርስዎ ቢሮ አንድ ባዶ ጠረጴዛ አለ ሲሉ ሰማሁ።»

ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በዚያ ክረምት ከመንገዱ በታች ያለው ሜዳ ሐይቅ ሆኖ ዳክዬ ዋኘበት፤ የድብ ባሕር ዘር ከወይራዎቹ አጠገብ ደርቆ ተቀመጠ። የማስወገጃ ኮሚቴው ሰብሳቢውን ገና አልመረጠም። ተላላኪው ኮምፒውተር እስከዚያው ድረስ ከአቶ ሰውአገኝ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጧል፤ ገመዱ ተመልሶ በኮሪደሩ ተዘርግቷል፤ ነጩ ዳንቴልም ባዶውን ከሚቀመጥ ተብሎ ተመልሶለታል፤ ራቢዓ ግን እንዳይሞቀው ጠዋት ጠዋት ከጀርባው ገለጥ ታደርገዋለች። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ተፋጠው ሪፖርት ይጠብቃሉ። የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ የመጣለትን ሥራ ሳያሳድር ያድላል። የሚወገደውም እሱ ነው።